ባለ ሁለት ዓምዱ ገጽና የተከፈለው መስኮት

በአራዳ፣ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲኬድ ከሚገኘው ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የሚወጣውን ነጋሪት ጋዜጣ ያገላበጠ አንባቢ ሁለት ጽሑፎችን ጎን ለጎን ማየትን ለምዶታል። ጋዜጣው በ1934 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ሕጉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ። የዓምዶቹ ቁም ነገር ግን ቅርበታቸው አይደለም። አንቀጽ ከአንቀጽ ትይዩ እንዲቆም፣ አንዱ ሲረዝም ሌላው ባዶ ቦታ ትቶ ይጠብቀዋል። ልዩነት ቢፈጠር ደግሞ የትኛው እንደሚጸና አዋጅ ቁጥር 3/1987 አስቀድሞ ወስኗል፤ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና የአማርኛው ነው።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በኮምፒዩተር ትምህርት የተርሚናልን ገጽ ከፋፍሎ በርካታ ሥራዎችን ባንድነት ማሳየት የተለመደ ዘዴ ሆኗል። ለዚህ ከታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ስክሪን፣ ሌላው በ2007 የተጀመረው ቲመክስ ነው። የሁለቱም ትልቁ ጥቅም፣ በእኛ አስተያየት፣ መስኮት መክፈላቸው አይደለም፤ ተማሪው ከሩቅ ማሽን ጋር ያለው ግንኙነት ቢቋረጥ የጀመረው ሥራ በዚያው ማሽን ላይ መቀጠሉ፣ ተመልሶ ሲገባም እንዳለ ማግኘቱ ነው። መብራትና መሥመር በሚቆራረጥበት ክፍል ይህ ብቻውን ፕሮግራሙን ለማስተማር በቂ ምክንያት ነው።

መስኮት ስለ መክፈል ግን ምስጋናው ሳይበዛ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቪቲ100 ያስለመደው የገጽ ልክ 80 ዓምድና 24 መስመር ነበር። ቲመክስ ይህን ልክ በቁመቱ ለሁለት ሲከፍለው አንዱ ዓምድ ለድንበር ስለሚውል ለአንደኛው ወገን 40፣ ለሌላው 39 ይቀራል። ለአራት ሲከፈል ደግሞ በየመስኮቱ የሚተርፈው 11 መስመር ብቻ ነው። የስሕተት መልእክቱ እየተሰበረ ይወርድና ጀማሪው መነሻውን ሳያነብ ከዓይኑ ይሰወራል። ዛሬ ገጾች ቢሰፉም፣ ከኋላ የተቀመጠው እንዲያይ ፊደሉ ጎልቶ በግድግዳ ላይ በሚታይበት ክፍል ችግሩ ያው ነው።

ከሁሉ የሚከፋው መስኮቶቹ እርስ በርሳቸው አለመተዋወቃቸው ነው። በግራ ትእዛዙ ሲጻፍ በቀኝ የማሽኑ መዝገብ ይወርዳል፤ የትኛው መስመር የየትኛው ትእዛዝ ውጤት እንደሆነ የሚያመለክት አንቀጽ ግን የለም። መምህሩ ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ለሁሉ ግልጽ ይመስለዋል። በአንድምታ ጉባኤ አንዱ ንባቡን ያሰማል፣ መምህሩ ትርጓሜውን ያስከትላል፤ ሁለቱ ተራ በተራ እንጂ ባንድ ጊዜ አይሰሙም። ጀማሪ ተማሪ በዚህ ሥርዓት ቢጀምር እንመርጣለን።

የፊደላችንም ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ተርሚናል ግን ለያንዳንዱ ፊደል እኩል ቤት ይሰፍራል፤ ሰፊዋ «ጨ» ለቀጭኑ የላቲን «አይ» በተሰጠው ልክ ትታጨቃለች፣ ወይም ጎረቤቷን ትረግጣለች። በጠባብ መስኮት የአማርኛ ማብራሪያ ማንበብ እንግዲህ ዓይንን ማድከም ነው።

ስለዚህ ማብራሪያው በወረቀት ታትሞ ከማሽኑ ጎን ይቀመጥ፤ ትእዛዞቹም እንደ ጋዜጣው አንቀጾች በተራ ቁጥር ይለዩ። በተርሚናሉ ላይ ከሁለት መስኮት በላይ አያስፈልግም፤ ሁለተኛውም ተማሪው የመጀመሪያውን ውጤት በራሱ ቃል ከገለጸ በኋላ ይከፈት።