ማኅተም የሌለው «ከ»

ባለፈው ሰሞን ዘንዘልማ ከግብርና ኮሌጁ አቅራቢያ ሻይ ስጠጣ፣ ሥራ ፍለጋ ላይ ያለች አንዲት የሰፈር ልጅ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ብላ ስልኳን ዘረጋችልኝ። ኢሜይል ነው። ለሥራ ተመርጠሻል፣ የመመዝገቢያ 1,500 ብር አስገቢ ይላል። አባቷ በግ ሸጠው ብሩ ከተላከ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«ላኪው መሥሪያ ቤቱ ነው እኮ! አድራሻውን አይተውታል?» አለችኝ። አየሁት። አንዲት ፊደል አልተዛነፈም።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ኢሜይል የሚጓዝበት ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ የሚሉት፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ያን ጊዜ መረቡን የሚጠቀሙት በጣም ጥቂት ሰዎች ስለነበሩ «ከ» በሚለው ቦታ ላኪው የጻፈው ሁሉ ይታመን ነበር። በፖስታ ጀርባ የፈለጉትን ስም እንደ መጻፍ ማለት ነው፤ ፖስታ ቤቱ መታወቂያ አይጠይቅም።

በሌላ አድራሻ መላክ በራሱ ወንጀል አይደለም። ጂሜይልም ይፈቅዳል፤ ግን መጀመሪያ ወደዚያው አድራሻ የማረጋገጫ ኮድ ይልካል። የራሱን ሰርቨር የሚያቆም አጭበርባሪ ግን ማን ኮድ ይጠይቀዋል?

መድኃኒቱ በባለቤቱ እጅ ነው። ኤስፒኤፍ በስሜ መላክ የሚችሉት እነዚህ ሰርቨሮች ብቻ ናቸው ብሎ ያስታውቃል፤ ዲኪም መልእክቱ ላይ ይፈርማል፤ ዲማርክ ደግሞ ፈተናውን ያላለፈውን መልሱት ይላል። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ብዙ መልእክት የሚልኩትን ሦስቱንም አስገድደዋል። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ወዳጄ የዚያን መሥሪያ ቤት ስም ሲፈትሽ ግን ዲማርክ የሚባል ነገር የለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል!

እኛ እኮ በማኅተም የማንታማ ሕዝብ ነን። ክብ ማኅተሙ ትንሽ ከደበዘዘ «ሂድና አስመታው» ተብሎ የማያውቅ ማን አለ? በኢሜይል ጊዜ ግን ስንቱ ኃላፊ ነው ቢዝነስ ካርዱ ላይ የግል ጂሜይሉን አትሞ የሚያድል? ታዲያ ልጅቷ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን ትለየው?

መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። በስማችሁ ሰው እየተዘረፈ ነው አልኩ። ጸሐፊዋ በትሕትና አዳመጠችኝና «ጋሼ፣ በስልክ አንቀበልም። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» አለችኝ።