ሰዓቱ ያልተጻፈ ሞት

ፎርድስበርግ ውስጥ፣ ከኦሪየንታል ፕላዛ እምብዛም ሳይርቅ፣ ለደም ግፊት የምከታተላቸው አንድ ነጋዴ አሉ። አዲስ አበባን ከለቀቁ፣ ከባለቤታቸውም ከተለዩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቅጽ ስሞላ ባለትዳር መሆናቸውን ብጠይቃቸው ለጊዜው ዝም አሉ፤ ቆይተውም «እንጃ ዶክተር፤ አልተፋታንም» አሉኝ። መልሳቸውን እንደ ማምለጫ አልቈጠርሁትም፤ ሕጋችንም ከዚህ የተሻለ መልስ የለውምና።

የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት አብረው እንዲኖሩ ያዝዛል፤ ቢስማሙ ግን ለተወሰነም ሆነ ላልተወሰነ ጊዜ ተለያይተው መኖር እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ጋብቻን የሚያፈርሱትን ምክንያቶች ሲዘረዝርም መለያየትን ከነሱ አንዱ አላደረገውም። ለስደተኛ እንዲህ ያለው ድንጋጌ ቸርነት ነው።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ግን በመዝገብ ቁጥር 20938፣ ለረጅም ዘመን ተለያይተው የየራሳቸውን ሕይወት የመሠረቱ ባልና ሚስት፣ የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻቸው እንደ ፈረሰ ሊቈጠር ይችላል ሲል ተረጐመ። እንዲህ ያለው ትርጓሜ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።

የችሎቱ አሳብ አይጠፋኝም፤ ትዳሩን ትቶ የኖረ ሰው ሌሎች በላባቸው ያፈሩትን ሀብት ሊካፈል ብቅ እንዳይል ነው። ይሁን እንጂ ሐኪም ሞትን ሲመሰክር ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል። ይህ ጋብቻ የሞተው መቼ ነው? ባል በተሰደደበት ቀን? ገንዘብ መላክ ባቆመበት ወር? ወይስ ዳኛው ፋይሉን በከፈተበት ዕለት? በዚህ መካከል የተሠራው ቤት የማን እንደ ሆነ፣ ማን ማንን እንደሚወርስ የሚወሰነው በዚያች ቀን ነው።

የምንኖርበት አገር መንገዱን ለይቷል። የደቡብ አፍሪካው የፍቺ ሕግ፣ ቁጥር 70፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ጋብቻን ሳያፈርስ የሚሰጠውን የመለያየት ፍርድ ሻረ። አንድ ዓመት ሙሉ ተለያይቶ መኖርንም ትዳሩ ላይጠገን መሰበሩን ከሚያሳዩ ማስረጃዎች አንዱ አደረገው። ማስረጃ ግን ፍርድ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ፍቺውን እስኪወስን ድረስ ጋብቻው ጋብቻ ነው። የእኛ ችሎት ምልክቱን ወስዶ ፍርድ አደረገው። ዳኛ ፊት ቀርባ አቤት ያላለች ሚስት፣ ሳታውቀው ፈት ሆና ልትገኝ ትችላለች።

ቅጹ ላይ «ባለትዳር» ብዬ ጻፍሁ። ሰውዬው በየወሩ ለባለቤታቸው ገንዘብ ይልካሉ፤ በየበዓሉም ይደውሉላቸዋል። ይህ ሕይወት ያለው ነገር ምልክት ነው። ፍርድ ቤት አንድ ቀን የተለየ ቢያገኝ ግን፣ ሁለቱም በሕይወት ሳሉ፣ ሁለቱንም ጠይቆ፣ ቀኑንም ጽፎ ይሁን።