ሙያና ምሥጢር

ሠራተኛ ከአሠሪው ቤት ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ዕውቀት የማን ነው? የእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት የመጨረሻው ፍርድ ቤት በነበረበት ዘመን በዚህ ነገር የሰጣቸውን ሦስት ፍርዶች መርምረናል። በ1894 እ.ኤ.አ. መድፍ ሠሪው ኖርደንፌልት ድርጅቱን በ287,500 ፓውንድ ከሸጠ በኋላ፣ በመድፍና በጥይት ሥራ 25 ዓመት በዓለም ሁሉ ላለመወዳደር የገባው ውል ጸና፤ ዋጋውን ተቀብሏልና። በ1913 ግን ከለንደን በ25 ማይል ክልል ውስጥ 3 ዓመት ተመሳሳይ ሥራ እንዳይሠራ የታገደ የልብስ ኩባንያ ወኪል ከውሉ ተፈታ። በ1916 ደግሞ ለአንድ መሐንዲስ ሲፈርዱ፣ ምሥጢሩ የአሠሪው፣ ሙያው ግን የሠራተኛው መሆኑን ለይተው አስረዱ።

ይህ ልዩነት እውነት ነው፤ ነገር ግን አይበቃም እንላለን። ውሉ ከንቱ መሆኑ የሚታወቀው ዳኛ ፊት ሲቀርብ ነው፤ ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ሠራተኛ ግን ከንቱውን ውል ፈርቶ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ1872 ጀምሮ እንዲህ ያለውን የሠራተኛ ውል ከንቱ ሲያደርግ፣ ምሥጢር የሰረቀውን ግን በሌላ ሕግ ያስጠይቃል። በእኛ አስተያየት የሚሻለው ይህ ነው፤ አንድ ሌባ ለመያዝ ሲባል መንገደኛውን ሁሉ ማሰር አይገባምና።