«ድኛለሁ» በኮድ ሲጻፍ፦ የጭብጥ ትንተናና የትርጉም ችግር

ቨርጂኒያ ብራውንና ቪክቶሪያ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጽሑፍ የዓይነታዊ መረጃ ትንተናን በስድስት ደረጃዎች አቅርቧል። እነዚህም መረጃውን ደጋግሞ ማንበብ፣ ኮድ መስጠት፣ ጭብጥ መፈለግ፣ ጭብጡን መከለስ፣ መሰየምና ዘገባውን መጻፍ ናቸው። የአቀራረቡ ግልጽነት ዘዴውን ለጤና ባለሙያዎች አቅልሎላቸዋል። ይሁንና ደራሲዎቹ ጭብጥ ከመረጃው በራሱ እንደማይፈልቅ፣ የተመራማሪው ንባብ ውጤት እንደሆነ ቢያስገነዝቡም፣ «የሚከተሉት ጭብጦች ተገኙ» ብለው የሚያልፉ ዘገባዎች ዛሬም አልጠፉም።

ጽሑፉ ትኩረት ያልሰጠው ዐቢይ ጉዳይ ትርጉም ነው። በኢትዮጵያ ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ተካሂዶ፣ ኮድ የሚሰጠው ግን ለእንግሊዝኛው ትርጉም የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ተንታኝ ተርጓሚው ይሆናል፤ የእርሱ ውሳኔ ግን በዘገባው የስልት ክፍል አይመዘገብም።

ለዚህ የእንጦጦ ጋራ ጥሩ ማሳያ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ያለክፍያ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ በእንጦጦ ማርያም ጸበል ፈውስ የሚሹ ሕሙማን መድኃኒቱን ማቋረጣቸው አሳሳቢ ሆኖ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስታውቀዋል። በዚህ ስፍራ አንድ ታካሚ «ድኛለሁ» ቢል፣ ቃሉ ከበሽታ መፈወስንም ከኃጢአት መዳንንም ይይዛል። ተርጓሚው አንዱን ፍቺ ሲመርጥ ሌላው ይጠፋል። መድኃኒቱን በየዕለቱ እየወሰደ ስለ ነፍሱ የተናገረ ሰው፣ «በመፈወሱ በማመን ሕክምናውን ያቋረጠ» በሚለው ኮድ ሥር ሊመደብ ይችላል። በዚህ ኮድ ላይ የሚመሠረተው የምክር አገልግሎትም ለሌለ ችግር የታቀደ ይሆናል፤ በእርግጥ ያቋረጠውም ሰው ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል።

መፍትሔው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ኮድ በቃለ መጠይቁ ቋንቋ ይሰጥ፤ ትርጉሙ ለዘገባው በሚመረጡ ጥቅሶች ይወሰን፤ ባለ ሁለት ፍቺ ቃላት በመጀመሪያ መልካቸው ተጽፈው በማስታወሻ ይብራሩ፤ ኮዱንም ሁለተኛ ሰው ከድምፅ ቅጂው ጋር ያመሳክር። የጥናት ገምጋሚዎችም የተጠያቂዎቹን ቁጥር ከመጠየቃቸው ጎን ለጎን ኮዱ በየትኛው ቋንቋ እንደተሰጠ ቢጠይቁ፣ ስሕተቱ ወደ ክሊኒኩ ከመድረሱ በፊት ሊታረም ይችላል።