«ልጆቻችን» ስንል

አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ የሊግ ጨዋታ እያየሁ ነበር። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፍቷል፤ ባለቤቱ የከተማችንን ሬዲዮ ከፍቷል። ተከላካያችን አጥቂውን ሳጥን ውስጥ ጠልፎ ሲጥለው ሁላችንም አየን። ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ኮሜንታተሩ ግን «አስመስሎ ነው የወደቀው፣ ተዘረፍን!» አለ። ካፌው በሳቅ ፈረሰ። የሳቅነው እኮ የክለቡ ደጋፊዎች ነን! ኳሷ መረብ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ሬዲዮው ጭራሽ ዝም አለ።

ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኛ ምስሉ ነበረን። ታክሲ ውስጥ ሆኖ በሬዲዮ ብቻ የሚሰማው ሰውስ? እሱ ያየው የኮሜንታተሩን ዓይን ነው። ማታ ዳኛውን ሲሰድብ ከልቡ ነው፤ የነገሩትን አምኗል።

መወገን በራሱ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። በ1980 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፎ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ከደምሴ ዳምጤ ገለልተኝነት የጠበቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድምም ቀዝቃዛ ድምፅ ማን ይፈልጋል? እዚያ ሰሚው ሁሉ አንድ ወገን ነው።

ሊግ ላይ ግን «ልጆቻችን» ስትል «የእነሱ ልጆች» የሚባሉ አሉ ማለት ነው። ብዙ ክለቦቻችን ደግሞ የሚጠሩት በከተማቸው ስም ነው፤ ስለዚህ «ተዘረፍን» የሚለው ቃል ሜዳው ላይ አይቀርም፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል። በስታዲየም ረብሻ ምክንያት ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ ሲዛወሩ ያየን ትውልድ ነን። ረብሻውን ኮሜንታተር ፈጠረው አልልም። ቤንዚን ባለበት ግን ክብሪት መጫር ቀልድ አይደለም።

ጋዜጠኛውን ብቻ መውቀስም ቀላል ነው። ክለቡን የሚደጉመው ከተማ አስተዳደሩ ነው፤ ጣቢያውም ብዙ ጊዜ የመንግሥት ነው። ተከላካዩን መተቸት ከንቲባውን እንደ መንካት ሊቆጠር ይችላል። የአየር ሰዓት ገዝቶ የሚሠራውም ስፖንሰር ያስፈልገዋል፤ ስፖንሰሩ የክለቡ ወዳጅ ከሆነ ነገሩ አለቀ።

ግን ደመወዝ ሁሉንም አይወስንም። ቪን ስከሊ ዶጀርስ ለተባለው የአሜሪካ ቤዝቦል ክለብ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ 67 የውድድር ዘመን ጨዋታ አስተላልፏል። እ.ኤ.አ. በ1974 የአትላንታው ሃንክ አሮን 715ኛውን ሆም ረን መትቶ የቤብ ሩትን ክብረ ወሰን የሰበረው በራሱ በዶጀርስ ላይ ነበር። ስከሊ ምን አደረገ? ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ የተቃራኒውን ሕዝብ ጩኸት አሰማ። ከዚያ ጥቁር ሰው በአሜሪካ ደቡብ እንዲህ ቆመው ሲያጨበጭቡለት ማየት ምን ማለት እንደሆነ ተናገረ።

የእኛም ሰውዬ ጎል ሲገባበት ዝም ብሏል። የስከሊ ዝምታ ሰሚውን ሜዳው ድረስ ወሰደው፤ የኛው በሩን ዘጋበት።

ክለብህን ውደድ፣ ስታሸንፍም ጩህ፣ ማንም አይከለክልህም። ግን ተከላካያችን ጠልፎ ከጣለ፣ ጠልፎ ጥሏል በል። እኛ ደጋፊዎቹ እንችለዋለን።