ፎቶው የማይነግረን፦ የድሮ የእንግሊዝ ከባድ መኪናዎችና ትዝታቸው

እንግሊዝ ውስጥ የድሮ ጭነት መኪና ወዳዶች ብዙ ናቸው። ጡረታ የወጡ ሹፌሮችና መካኒኮች፣ አባታቸው ሹፌር የነበሩ ሰዎች፣ የሌይላንድን፣ የፎደንን፣ የአትኪንሰንን፣ የስካሜልን ፎቶዎች ይሰበስባሉ፤ ትዝታ ይለዋወጣሉ። አንዳንዱማ ዝጎ የተጣለ መኪና ገዝቶ ዓመታት ሙሉ ሲጠግን ይኖራል። ከ1962 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከለንደን እስከ ብራይተን የድሮ ጭነት መኪናዎች ጉዞ ይደረጋል። የጣሊያኑን ፊያት ኤንትሬ በእኛ አገር መንገድ ላይ ያየ ሰው ይህ ፍቅር አይገርመውም።

እኔም ፎቶዎቹን እወዳቸዋለሁ። ቅሬታዬ በጣም ማማራቸው ላይ ነው። አብዛኞቹ የተነሱት ወይ መኪናው ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ነው፣ ወይ ታድሶና ታጥቦ ለሰልፍ ሲቀርብ። ቀለሙ ያበራል፣ በበሩ ላይ በእጅ የተጻፈው የባለቤቱ ስም ይነበባል፣ ፀሐይ አለ። በጭጋግ፣ በሌሊት፣ በበረዶ መሀል የተነሳ ፎቶ ስንት ታያላችሁ? መኪናው ግን ዕድሜውን የፈጀው እዚያ ነው። ከዚህም በላይ ለሳይንስ ወዳጅ የሚያስቆጨው፣ ፎቶው ቆርቆሮውን አሳይቶ ሞተሩን መደበቁ ነው።

ኮመር የሚባለውን መኪና ውሰዱ። ከውጭ ሲታይ ተራ ነገር ነው። በጋቢናው ወለል ሥር ያለው ግን በ1954 የወጣው ቲኤስ3 የተባለ የናፍጣ ሞተር ነው፤ ከሚያስደንቁ የእንግሊዝ ሞተሮች አንዱ። ሦስት ሲሊንደሮች አግድም ተኝተዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ፊት ለፊት የሚገናኙ ሁለት ፒስተኖች አሉ። ሦስት ሲሊንደር፣ ስድስት ፒስተን! መካኒኮቻችን ቴስታታ የሚሉት የሲሊንደር ክዳን የለውም፤ ቫልቭም የለውም። ሁለቱ ፒስተኖች ሲቀራረቡ በመሀላቸው ያለው አየር ይታመቃል፣ ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት ይቀጣጠልና ወዲያና ወዲህ ይገፋቸዋል። ሲራራቁ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ በአንዱ ጫፍ ጭሱ ይወጣል፣ በሌላው ጫፍ በፓምፕ የተገፋ ንጹህ አየር ይገባል። የፒስተኖቹን ግፊት ደግሞ እንደ ሚዛን የሚወዛወዙ ክንዶች ተቀብለው ከሥር ወዳለው አንድ ኮሎ፣ ማለትም ዞሮ ጎማውን ወደሚነዳው ዘንግ፣ ያስተላልፉታል።

ባለሁለት ምት ስለሆነ እያንዳንዱ ሲሊንደር ኮሎው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ይተኩሳል። በደቂቃ 2,400 ዙር ሲዞር በሴኮንድ 120 ተኩስ ማለት ነው። የጭሱ ቀዳዳ የሚከፈተው ጋዙ ገና ግፊት እያለው በድንገት ስለሆነ ድምፁ እንደ ጩኸት ስለታም ነው። የኮመር ሹፌሮች ትዝታቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ድምፅ ነው፤ ልክ ናቸውም። ጆሯቸው የያዘው እኮ የሞተሩን አሠራር ነው። በዚህ ረገድ አንድ የሹፌር ትዝታ ከአሥር የሚያብረቀርቁ ፎቶዎች ይበልጥብኛል።

ትዝታ ሁሉ ግን እኩል አይታመንም። «የድሮው ይጎትት ነበር» የሚለውን በሒሳብ እንፈትነው። ጋርድነር ሲክስ ኤልኤክስቢ በቁጠባው ስመ ጥር የሆነ፣ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበር። ከ1964 ጀምሮ ተሳቢ ያለው መኪና ከነጭነቱ እስከ 32 ቶን እንዲመዝን ተፈቅዷል። እንዲህ ያለው መኪና በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ሲወጣ የመሬት ስበት ወደ 16,000 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የጎማው ሰበቃ 2,500 ገደማ ይጨምራል። በማርሹ ውስጥ የሚባክነውን ከቀነስን ለጎማው የሚደርሰው 118 ኪሎዋት ያህል ነው። ብታካፍሉት በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ግድም ይመጣል። ብስክሌት ማለት ነው!

በሰሜን እንግሊዝ ሻፕ የሚባለውን ዳገት ከሚያሳዩት ፎቶዎች ፊት ስትቆሙ ይህን ቁጥር አስታውሱ። የቀድሞው ኤ6 መንገድ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 420 ሜትር አካባቢ ነው፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ጉድጓድ ነው፣ ግን በረዶና ንፋስ አለበት። የብዙዎቹ መኪናዎች ጋቢና ማሞቂያ አልነበረውም፤ ቢኖርም ተጨማሪ የሚከፈልበት ነበር። በ1967 የስዊድኑ ቮልቮ ኤፍ86 ሞቅ ባለ ጋቢና እንግሊዝ ሲገባ ሹፌሮቹ ለምን እንደወደዱት መገመት አያቅትም። የአገር ፍቅር እግር አያሞቅም።

ሌላው አባባል «የድሮ ዕቃ አይሰበርም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ እንዳትታለሉ። ዛሬ በሰልፍ ላይ የምናየው የተረፈውን ብቻ ነው። ሌይላንድ በ1960ዎቹ መጨረሻ 500 የተባለ የሞተር ዓይነት አወጣ፤ ቴስታታውና የሞተሩ አካል አንድ ላይ የተቀለጠ ነበር። ሐሳቡ ጎበዝ ነው፤ በሁለቱ መሀል የሚገባው ጓርኒሲዮን ከሌለ የሚቃጠል ነገር የለም። መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ብልሽቱ በዛ፣ ስሙም ጠፋ። እንዲህ ያለውን አድኖ ቀለም የሚቀባ ሰው ጥቂት ነው፤ በደንብ የሠራው ጋርድነር ግን ይጠበቃል። ከተረፉት ብቻ ተነስቶ ስለ ሁሉም መፍረድ ተማሪ በፈተና ላይ ቢሠራው ነጥብ የሚያስቀንስ ስህተት ነው።

በ1970 ኤም6 አውራ ጎዳና በሻፕ በኩል ሲከፈት የድሮው መንገድ ጭር አለ። በጫፉ ላይ አሁን የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። ጽሑፉ በዚያ አስቸጋሪ መንገድ የነዱትን፣ መንገዱን የሠሩትንና የጠገኑትን፣ በክፉ አየር ተይዘው ለቀሩት ምግብና መጠለያ የሰጡትን የአካባቢውን ሰዎች ያነሳል። የፎቶ ሰብሳቢዎቹ አልበሞች ከዚህ ድንጋይ ቢማሩ ደስ ይለኛል። ከፎቶው ሥር የመኪናውን ሞዴልና ዓመተ ምሕረት ብቻ ከመጻፍ፣ ምን ጭኖ ነበር፣ በስንተኛ ማርሽ ወጣ፣ ሹፌሩ እግሩን በምን ጠቀለለ የሚለውን ጨምሩበት። ቲኤስ3 ሲነሳ የሰማ ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ቶሎ ድምፁን ቅዱት።