አምፖሉ ስለ በራ

በከተማችን በጋምቤላ ሰው ቤቱን መብራት ሲያስገባ ሠራተኛውን የሚፈትነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «አምፖሉ በራ ወይ?» የሚል ነው። ዕድሜዬን ተማሪ ስፈትን የኖርሁት እኔም በዚሁ ተታለልሁ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ተቋራጭ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ያዛል፤ እኔ ግን ዋጋው ቀለለኝና ወረቀት አልጠየቅሁም።

የባሮ ዳር ሙቀት ማቀዝቀዣ አስገዛኝ። ክረምት ገብቶ ወለሉ በረጠበ ጊዜ የወንድሜ ልጅ በባዶ እግሯ ሆና ብትነካው ኮረንቲ ነዝሮ ጣላት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። ሌላ ሠራተኛ ሶኬቱን ሲከፍተው የመሬቱ ሽቦ ተቆርጧል፤ በፊውዙም ቦታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። አንባቢ ልጄ ሆይ፣ ሁለቱም በደኅና ተሠርተው ቢሆን፣ ወደ ማቀዝቀዣው ብረት ያመለጠው ኮረንቲ በመሬቱ ሽቦ ወርዶ ፊውዙን ባቀለጠና በተቆረጠ ነበር። ይህ ስላልሆነ ግን 220 ቮልት መንገዱን በልጅቱ ገላ አደረገ።

ያ ሰው በዚያው ሳምንት በጎረቤቴ ቤት ሽቦ ሲዘረጋ አየሁት። የሰው እንጀራ መዝጋት መስሎኝ ሦስት ቀን ዝም አልሁ፤ በዚህ ከእርሱ ይልቅ እኔ እወቀሳለሁ። በአራተኛው ቀን ለጎረቤቴ ነገርሁት፤ ሶኬቶቹንም ሁሉ አስከፈታቸው።